የተረጋጉ ኦርጋኒክ ራዲካሎች ንድፍና ቅመራ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ አንጻር

ራዲካል የሚባለው ቢያንስ አንድ ያልተጣመረ ኤሌክትሮን የያዘ አተም ወይም ሞለኪውል ነው። ኤሌክትሮኖች በኬሚካዊ ትስስር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚገኙ፣ ጥንድ ያጣው ኤሌክትሮን ከጎረቤት ሞለኪውል ሃይድሮጅን በመንጠቅ፣ ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሃድ ወይም ከመሰሉ ራዲካል ጋር በመጣመር ቶሎ ይጠፋል። የተረጋጉ ኦርጋኒክ ራዲካሎች ግን ከዚህ ልማድ የወጡ ናቸው፤ ተጣርተው፣ ደርቀው፣ በጠርሙስ ታሽገው ለወራትና ለዓመታት ይቀመጣሉ። እንዲህ የሚያጸናቸው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን አስቀድሞ ማሰብና መሥራት ደግሞ የቀማሚው ሙያ ነው።

የመጀመሪያው ሳይታሰብ ተገኘ። ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር ከመቆርቆሯ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኬሚስት ሞሰስ ጎምበርግ ሄክሳፌኒልኢቴን የተባለ ውህድ ለመሥራት ትራይፌኒልሜቲል ክሎራይድን ከብር ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ነጭ ንጥረ ነገር ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ሊኖረው ሲገባ ኦክስጅን ተገኘበት። አየር እንዳይገባ አድርገው ሥራውን ሲደግሙት ቢጫ ፈሳሽ አገኙ፤ ፈሳሹ አየር ሲነካው ወዲያው ኦክስጅን ወደ ያዘ ውህድ፣ ማለትም ወደ ፐሮክሳይድ ይለወጥ ነበር። ጎምበርግም መሃለኛው ካርቦን እንደ ወትሮው በአራት ሳይሆን ከሦስት የካርቦን ቀለበቶች ጋር በሦስት ትስስር ብቻ የቆመበት ትራይፌኒልሜቲል የተባለ ራዲካል እንዳገኙ ደመደሙ፤ ጽሑፋቸውን ሲያሳትሙም መስኩ ለእርሳቸው እንዲተውላቸው ጠየቁ። ሁለቱ ራዲካሎች ሲጣመሩ የሚሰጡት ውህድ ግን እርሳቸው ያሰቡት አልነበረም። የአንዱ ራዲካል መሃለኛ ካርቦን የሚያያዘው ከሌላው የቀለበት ጫፍ ጋር እንደሆነ የተረጋገጠው በ1968 ነው። ይህ ዘግይቶ የመጣ እርማት ከግኝቱ ባልተናነሰ ጠቃሚ ይመስለኛል፤ የሐረር ጀጎል ግንብ ከተማዋን ሊጠብቅ የሚችለው በሮቹ ከተዘጉ እንደሆነ ሁሉ፣ የራዲካሉም መሃል ተጋርዶ የቀለበቱ ጫፍ ክፍት ከቀረ ጥቃቱ በዚያ በኩል ይገባል።

ስለዚህ ንድፉ በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል። አንደኛው ያልተጣመረውን ኤሌክትሮን በአንድ አተም ላይ ሳያከማቹ በቀለበቶችና እንደ ናይትሮጅን ባሉ አተሞች ላይ ማሰራጨት ነው፤ ሁለተኛው ኤሌክትሮኑ በብዛት የሚገኝባቸውን ስፍራዎች በትልልቅ አተሞችና ቡድኖች መጋረድ ነው። የባርሴሎናው ኬሚስት ማኑኤል ባሌስቴር የጎምበርግን ሞለኪውል ይዘው በቀለበቶቹ ላይ ያሉትን ሃይድሮጅኖች በሙሉ በ15 የክሎሪን አተሞች ሲተኳቸው፣ አየር ባለበት እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚታገሥ ራዲካል ተገኘ። ከዚሁ ቤተሰብ የተገኙ ክሎሪን ያዘሉ ራዲካሎች በ2018 ቀይ ብርሃን በሚሰጡ ኤሌክትሮናዊ መሣሪያዎች ውስጥ አገልግለዋል።

በቅርጻቸው ካልተለመዱት መካከል ትራያንጉሊን ልዩ ስፍራ አለው። 22 ካርቦኖች በሦስት ማዕዘን የተሰደሩበት ይህ ሞለኪውል ያሉትን ኤሌክትሮኖች በምንም ዓይነት አሰላለፍ ሁሉንም ማጣመር ስለማይቻል ሁለቱ ሁልጊዜ ብቻቸውን ይቀራሉ። ኬሚስቱ ኤሪክ ክላር በ1950ዎቹ ሊሠሩት ሞክረው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ አልሳካ አላቸው። በ2017 በዙሪክ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች በብርቱ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ ካስቀመጡት ሞለኪውል በመሣሪያ ጫፍ ሃይድሮጅኖችን አንድ በአንድ ነቅለው ሠሩት።

ወደ እኛ አገር ቤተ ሙከራ የሚቀርቡት ናይትሮክሳይዶች፣ ማለትም ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተያይዘው ያልተጣመረውን ኤሌክትሮን የሚይዙባቸው ራዲካሎች ናቸው። በ1960 ገደማ የተሠራው ቴምፖ ኤሌክትሮኑን በናይትሮጅንና በኦክስጅን መካከል የሚጋራ ሲሆን፣ በናይትሮጅኑ ግራና ቀኝ ባሉት ካርቦኖች ላይ የተተከሉት አራት ሜቲሎች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላቸው ቡድኖች) ይጋርዱታል፤ በእነዚያ ካርቦኖች ላይ ሃይድሮጅን ስለሌለም ራዲካሎቹ እርስ በርስ ሃይድሮጅን ተቀባብለው ሊጠፉ አይችሉም። ቴምፖ በ36 እና በ38 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ፣ በድሬዳዋ የሙቀት ወራት ማቀዝቀዣ በሌለው መደርደሪያ ላይ ጠጣር ሆኖ ይቆያል ብሎ መተማመን አይገባም። ሃይድሮክሲል ቡድን (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) የተጨመረበት ወንድሙ ቴምፖል ግን የሚቀልጠው 70 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለቆላ ከተማ ይህኛው ይመረጣል። ቅመራውም ቢሆን ረጅም አይደለም። አሴቶንና አሞኒያ ተዋህደው ትራይአሴቶንአሚን ይሰጣሉ፣ የዚህ ውህድ ኬቶን ክፍል በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ወደ አልኮል ይለወጣል፣ በመጨረሻም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ተንግስቴት በተባለ የተንግስተን ጨው ረዳትነት ራዲካሉን ያስገኛል። እዚህ ላይ በብርቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተረፈ አሴቶን ከፐሮክሳይድ ጋር ፈንጂ ውህድ ሊፈጥር ስለሚችል ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ፈጽሞ መወገድ አለበት።

በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በግብርና ኮሌጅነት በተመሠረተው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ውጤቶችን ኬሚስትሪ የሚያጠና ተማሪ ቀድሞ ሊያገኘው የሚችለው የተረጋጋ ራዲካል ዲፒፒኤች ነው። ኬሚስቶቹ ጎልድሽሚትና ሬን በ1922 የሠሩት ይህ ወይን ጠጅ ውህድ ሃይድሮጅን ሲሰጡት ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ለውጡ በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ስለሚለካ የቡና፣ የቅጠላ ቅጠልና የቅመም ጸረ ኦክሳይድ ኃይል ይፈተንበታል። መነሻው ፒክሪል ክሎራይድ ፈንጂ ስለሆነ ተማሪ ራሱ ሊሠራው አይገባም፤ ገዝቶ መጠቀም ይሻላል። ሆኖም ውህዱን እንደ ተራ መፈተኛ ብቻ ማየት ትልቅ ነገር ያሳጣል፤ ለምን ሳይጠፋ እንደሚኖር የጠየቀ ተማሪ የኤሌክትሮንን ስርጭትና የመጋረድን ጥበብ አብሮ ይማራል።

ራዲካሎች በሐረር ቡና ውስጥም አሉ። የፊዚክስ ሊቁ ዛቮይስኪ በ1944 በሩሲያ ካዛን ላይ ያገኙት የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ ዘዴ፣ ማለትም ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን በማግኔት መስክ ውስጥ የሚለየው ዘዴ፣ በተቆላ ቡና ላይ ሲሠራ ከጥሬው የበረታ የራዲካል ምልክት ያሳያል፤ ቁላቱ በሚፈጥራቸው ጥቁር ትላልቅ ሞለኪውሎች ውስጥ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ታስረው ይቀራሉ። ዘዴው የሚጠይቀው መሣሪያ ውድ ነው። ቢሆንም ብርቱካናማው የቴምፖል ፈሳሽ ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ራዲካሉ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ የመጥፋቱን ፍጥነት በተራ የብርሃን መለኪያ መከታተል ይቻላል።