ስለ ትንሣኤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፋሲካ ሰሞን ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ ብዙ ይነገራል፤ ከሚነገረው ውስጥ ግን ከክርስትና ትምህርት ጋር የማይስማማው ጥቂት አይደለም።

በጣም የተስፋፋው ስሕተት ትንሣኤን ወደ ቀድሞ ኑሮ እንደ መመለስ መቁጠር ነው። እንዲህ ቢሆን ክርስቶስ ከአልዓዛር በምን ይለያል? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው አልዓዛር በአራተኛው ቀን ከመቃብር ወጥቷል፤ የወጣው ግን በዚያው ሟች ሥጋው ስለ ነበር ሞት ዳግመኛ ይጠብቀው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 6፥9 ስለ ክርስቶስ የሚመሰክረው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ከሙታን የተነሣው ክርስቶስ ዳግመኛ አይሞትም፣ ሞትም ከእንግዲህ አይገዛውም።

ሌሎች ደግሞ የተነሣው መንፈሱ ብቻ ነው፣ ወይም ትዝታው በደቀ መዛሙርቱ ልብ ሕያው ሆኖ ቀረ ማለት ነው ይላሉ። ሉቃስ በምዕራፍ 24 ይህን ጥርጣሬ አስቀድሞ ያውቀው ነበር ያሰኛል፤ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ ጌታ እጆቹንና እግሮቹን አሳያቸው፣ የተጠበሰ ዓሣም ተቀብሎ በፊታቸው በላ። ያም ሆኖ ይኸው አካል ደጆች ተዘግተው ሳሉ በመካከላቸው ይቆም ነበር። ጳውሎስ ይህን በዘር ይመስለዋል፤ የተዘራውና የሚበቅለው አንድ ሆኖ ሳለ መልኩ ግን ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው አመለካከት የክርስቲያን ተስፋ ነፍስ ሥጋን ለዘለዓለም ጥላ ወደ ሰማይ መሄዷ ብቻ ነው የሚለው ነው። ስሕተቱ አዲስ አይደለም፤ በቆሮንቶስ ምእመናን መካከልም የሙታን ትንሣኤ የለም የሚሉ ነበሩ። ጳውሎስ ሲመልስላቸው ክርስቶስን ላንቀላፉት ሁሉ በኩር አለው፤ በኩር ካለ ተከታይ አለና። እ.ኤ.አ. በ381 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ የጸናው የሃይማኖት መግለጫም የሚጠባበቀው የሙታንን ትንሣኤ ነው።

ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን አይሞላም የሚለው ክርክር በአጭሩ ይመለሳል፤ በዘመኑ አቆጣጠር የቀን ከፊሉ እንደ አንድ ቀን ይቈጠር ነበር።

በመጨረሻም ትንሣኤ ከሞት በኋላ እንጂ ለዛሬ ኑሮ ፋይዳ የለውም የሚሉ አሉ። ጳውሎስ ግን ስለ ትንሣኤ በሰፊው ያስተማረበትን የ1ኛ ቆሮንቶስን ምዕራፍ 15 የሚዘጋው በጌታ ሥራ ጽኑ ብሎ ነው፤ ወዲያው በምዕራፍ 16 ወደ ገንዘብ ይሻገርና፣ ክርስቶስ በተነሣበት የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የሚሆነውን እርዳታ እያስቀመጠ እንዲያጠራቅም ያዛል።