ሰሞነኛ ጉዳይ፦ «የትኩረት ዑደት» ምንድን ነው?

ከሦስት ክረምት በፊት፣ አንድ የሐምሌ ማለዳ፣ አራት ኪሎ ከምሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ስድስት የወይራ ችግኝ ተከልን። ቲሸርት ታትሞልን ነበር። ፎቶ ተነሣን። እውነቱን ልናገርና ፎቶው አላምር ብሎ አንዷን ችግኝ ሁለቴ ነቅለን ተከልናት። ከዚያ ማኪያቶ ጠጥተን ወደ ሥራችን ገባን።

ዛሬ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም የተረፈችው ከጥበቃው ቤት አጠገብ ስለሆነች ነው። አባባ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ጠዋት ጠዋት ከቢጫ ጀሪካናቸው ያጠጧታል። ሌሎቹ ለምን እንደደረቁ አንድ ቀን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ክረምትማ እግዜር ያጠጣል ልጄ። ሰው የሚያስፈልገው ጥር ላይ ነው።»

የአባባን ጥር አጥኚዎች ስም አውጥተውለታል። ሕዝብ ለአንድ ጉዳይ የሚሰጠው ትኩረት እንዴት ግሎ እንዴት እንደሚበርድ የሚገልጸውን ሐሳብ የትኩረት ዑደት ይሉታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ ነው። ጊዜው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 የመጀመሪያው የመሬት ቀን ሲከበር 20 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ለአካባቢ ጥበቃ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የዳውንስ ጥያቄ ስለ ማግስቱ ነው።

ዑደቱ አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ችግሩ አለ፣ የሚያውቁት ግን ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። ቀጥሎ አንድ ነገር ይፈጠርና ሰዉ ይደነግጣል፤ ወዲያው ደግሞ «ተነሥተን እንፈታዋለን» የሚል ሞቅታ ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ሒሳቡ ይቀርባል። እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም።

ፌስታልን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ሕግ ሲጸድቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የቀበናን ወንዝ ዳር ያየ ሰው እንዴት ደስ አይለው? ከዚያ አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ልገዛ ጉልት ጋ ቆምኩ። ዘንቢል የለኝም። ሻጯ መዘነችልኝና ቀና ብላ አየችኝ። «በምን ልስጥህ ታዲያ?» ዝም አልኩ።

ዳውንስ የሚለው ይህንኑ ነው። ጥፋተኛው የሆነ ቦታ ያለ አንድ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የሚወለደው የአብዛኞቻችንን ኑሮ ካቀለለ ነገር ነው። ስለዚህ ከፋዩ እኔው ነኝ። ይህ ሲገባን ገሚሱ ተስፋ ይቆርጣል፣ ገሚሱ ላለማሰብ ይመርጣል፣ የቀረው ይሰለቸዋል። አራተኛው ደረጃ ይኼ መቀዝቀዝ ነው። ሌላ ጉዳይ ይመጣና ቦታውን ይይዛል።

በዓለም ደረጃም ያየነው ነው። ስዊድናዊቷ ተማሪ ግሬታ ተንበርግ በ15 ዓመቷ፣ በኦገስት 2018፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብቻዋን የአገሯ ፓርላማ ደጅ ተቀመጠች። በዓመቱ ሚሊዮኖች በየአገሩ ሰልፍ ወጡ። 2020 ላይ ኮቪድ መጣና አደባባዩ ጭር አለ። በፍትሕ ለመናገር፣ ዳውንስ ራሱ የአካባቢ ጉዳይ ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል ብሎ ነበር፤ ጭስና ቆሻሻ በዓይን ይታያል፣ ሁሉንም ሰው ይነካል።

ብዙ ሰው ታሪኩ አራተኛው ላይ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን የምወደው አምስተኛውን ነው። ወሬው ያልፋል፤ በሞቅታው ጊዜ የቆመ መሥሪያ ቤት፣ የወጣ ሕግ፣ የተመደበ በጀት ግን ሥራውን ይቀጥላል። ኦዞንን አስቡት። ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ኦዞን ያልሸመደደ የለም። አሁን ማን ያነሣዋል? አንታርክቲካ ላይ መሳሳቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ኦዞንን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ዛሬም በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ታዳጊ አገሮችን የሚያግዘው ፈንድም በየሦስት ዓመቱ ይሞላል። እኛ ረስተነዋል፣ ኦዞኑ እያገገመ ነው።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ቃል አለው። «ሰሞነኛ ነው» ስንል ነገ ይረሳል ማለታችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሰሞነኛ ማለት የአገልግሎት ተራው የደረሰ ካህን ነው። ሳምንቱን ያገለግላል፣ ለተረኛው ያስረክባል። ሁሉም ሁልጊዜ አይቆምም፤ ቅዳሴው ግን አይታጎልም። ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እንዲግል የሚጠብቅ ንቅናቄ ሰዉን ያደክማል። ተራ ያወጣ ግን ይሰነብታል።

«ጸደቀ» የሚለውም አለ። ሕግም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትመሠርት ይህ ገብቷት ነበር። ችግኝ የሚተክሉት ሴቶች ትንሿን ክፍያ ያገኙ የነበረው ለጸደቀው ችግኝ ነው። እኛ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ሲባል የተቆጠረው የተተከለው ነው። እኔን የሚያጓጓኝ የጥር ወር ቆጠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል። ቲሸርት እንደሚታተም አልጠራጠርም። እኔም እለብሳለሁ።

ባለፈው ጥር አባባ ለጥምቀት አገር ቤት ሄደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ጀሪካኗን ከሕንፃው ጥግ ቡና ለምታፈላው ልጅ ሰጧት። «ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ነው» አሏት። እሷም ኩባያ እያጠበች «እሺ አባባ» አለች።