«ቦድሮሎክ»፦ በቤንጋሊ ፊልም «ጨዋ ሰው» የሚባለው ማን ነው?

ቃሉ በምሥራቅ ህንድና በባንግላዴሽ በሚነገረው በቤንጋሊኛ «ጨዋ ሰው» ማለት ነው፦ የተማረ፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ የጉልበት ሥራ የማይነካ። ስለ ምግባር ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ በተግባር ግን በዋናነት ብራህሚን፣ ባይድያና ካያስታ የሚባሉትን ከፍተኛ ካስቶች (በትውልድ የሚወረሱ የማኅበረሰብ መደቦች) ያመለክታል። የኮልካታ (የህንዷ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ዋና ከተማ) ፊልም ካስትን ሳይጠራ የሚለየው እንዲህ ነው። የቤተሰብ ስሙን አስተውሉ፦ ዶክተሩ ሙከርጂ ወይም ሴን፣ መምህሩ ቦስ ይሆናል፤ ስሞቹ የከፍተኛ ካስት ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ ግን ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም እንኳ የላትም፤ ሻዩን አስቀምጣ ትወጣለች። ይህን «ድህነት ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 23.5 በመቶ የሚሆነው የምዕራብ ቤንጋል ሕዝብ፣ በአብዛኛው «አይነኬ» (ርኩስ ናቸው ተብለው የማይነኩ) ይባሉ ከነበሩት ካስቶች ነው። ታዋቂው የቤንጋሊ ፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ እንኳ ይህን በደል ፊት ለፊት ያሳየበትን «ሳድጋቲ»ን (1981) የሠራው በሂንዲ ነው።