የግል የውሃ ጉድጓድ ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከተማ ቧንቧ ውሃ ወደ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚመረምረው፣ የሚያክመውና ጉድለት ሲገኝበት የሚጠየቅለት አካል አለው። የግል የውሃ ጉድጓድ ግን በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ የለውም፤ ውሃው ለጤና ተስማሚ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው፤ ቤቱ ሲሸጥም ኃላፊነቱ ከነጉድጓዱ ወደ ገዢው ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ ያስመረመረ ገዢ፣ ጉድጓዱን በአንድ ብርጭቆ ቅምሻ ሲያልፈው ይታያል። የተሟላ የጉድጓድ ምርመራ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ጉድጓዱ ብክለት እንዳይገባበት ሆኖ ተሠርቷል ወይ? በቂ ውሃ ይሰጣል ወይ? ውሃውስ ለመጠጥ ይሆናል ወይ? ቀጥሎ ከምናያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት የአንዱ ጥያቄ መልስ ለሌሎቹም ይበቃል ከሚል ግምት ነው።

«ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ሽታም የለው፤ ስለዚህ ጤናማ ነው»

በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከሚገኙት ጎጂ ነገሮች ዋና ዋናዎቹ በዓይን አይታዩም፣ አይሸቱም፣ በምላስም አይለዩም። ናይትሬት ከማዳበሪያ፣ ከእንስሳት እዳሪና ከሽንት ቤት ጉድጓድ እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ እንዳይሆን ይመክራል፤ ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ በዚሁ ውሃ በተበጠበጠ ወተት የሚያድጉ ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊዳከምና ሕይወታቸው ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። አርሰኒክና ፍሎራይድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከዓለቱ የሚሟሙ ናቸው። የአርሰኒክ መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም፣ የፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የመጀመሪያው ለዓመታት ሲጠጣ ካንሰር ያስከትላል፣ ሁለተኛው ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል።

የባንግላዴሽ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የከበደ ምስክር ነው። ሕዝቡ ከተበከለ የኩሬና የወንዝ ውሃ እንዲላቀቅ በሚል በጎ ዓላማ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የሚወጣውም ውሃ ጥርት ያለ ነበር። በጉድጓዶቹ ውስጥ አርሰኒክ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁት ሲጠጡት ኖረዋል። በአንጻሩ ልብስን የሚያዝገውና ሰው የሚጸየፈው ብረት የበዛበት ውሃ ብዙ ጊዜ ከጤና ጠንቅነቱ ይልቅ አስቸጋሪነቱ ያመዝናል። ዓይናችን የሚፈራውና ሊያስፈራን የሚገባው ነገር አንድ አይደሉም ማለት ነው።

«ጥልቅ ጉድጓድ አይበከልም»

ውሃ በአፈር ውስጥ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ከብዙ ጀርሞች እንደሚጣራ እውነት ነው። ነገር ግን ቆሻሻ ውሃ ይህን መንገድ ተከትሎ ብቻ አይወርድም፤ በጉድጓዱ ቱቦና በተቆፈረው መሬት መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ጭቃ በሚገባ ካልተደፈነ፣ የጎርፍ ውሃ የቱቦውን ውጫዊ ግድግዳ ይዞ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ባለሙያው ምርመራውን የሚጀምረው ከላይ ነው። የቱቦው ጫፍ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለቱን፣ ክዳኑ ነፍሳትና የዝናብ ውሃ የማያስገባ መሆኑን፣ የአየር መተንፈሻው በወንፊት መሸፈኑን፣ የፓምፑ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ መደፈኑን፣ በዙሪያው ያለው መሬት ውሃን ከጉድጓዱ አርቆ የሚያፈስ መሆኑን ይመለከታል። ከሽንት ቤት፣ ከከብት ጋጣና ከነዳጅ ማስቀመጫ ያለውንም ርቀት ይለካል። በተሰነጣጠቀ ዓለት፣ በተለይም በኖራ ድንጋይ ላይ ለተቆፈረ ጉድጓድ ጥልቀት ያን ያህል ዋስትና አይሆንም፤ ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ሳይጣራ በፍጥነት ያልፋልና።

«ቧንቧውን ከፍተን አይተናል፤ ውሃው በደንብ ይወርዳል»

ገዢዎችን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። ቧንቧው ሲከፈት በመጀመሪያ የሚወጣው በጉድጓዱ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራቀመው ውሃ እንጂ ከመሬት አዲስ የሚመነጨው አይደለም። 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 18 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በውስጡ የቆመው ውሃ 40 ሜትር ከፍታ ካለው 700 ሊትር ያህል ተከማችቷል ማለት ነው። በደቂቃ 20 ሊትር ቢቀዳ፣ ከመሬት አንዲት ጠብታ ባይጨመርበት እንኳ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ይፈሳል። አሥር ደቂቃ ቧንቧ ከፍቶ «ውሃው ሞልቷል» ያለ ገዢ የለካው የጉድጓዱን ማጠራቀሚያ እንጂ የጉድጓዱን አቅም አይደለም።

ባለሙያ የሚያደርገው ሙከራ ከዚህ የተለየ ነው። ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ከምድር ገጽ በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ይለካል፤ ከዚያም በታወቀ መጠን ለሰዓታት እየቀዳ ውሃው በምን ያህል እንደወረደና የት ላይ እንደረጋ ይመዘግባል፤ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ወደ ቀድሞ ከፍታው ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይይዛል። ሙከራው የሚደረግበት ወቅትም ራሱ ዋጋ አለው፤ በዝናብ ወራት ማብቂያ የተለካ ጉድጓድ በድርቅ ወራት ያንኑ ላይሰጥ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ፍጆታና የሽቦው ደህንነት ይታያል። ፓምፑ በየጥቂት ሴኮንዱ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የግፊት ታንኩ፣ ማለትም ውሃውን በታመቀ አየር ወደ ቤቱ ቧንቧዎች የሚገፋው ታንክ፣ አየር ማጣቱን ያመለክታል፤ ሳይጠገን ከቆየም ሞተሩን ያቃጥላል። አቅሙ ዝቅተኛ የሆነ ጉድጓድ ግን ሁልጊዜ ቤቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ቀስ ብሎ የሚሞላ ማጠራቀሚያ ታንከር ለአንድ ቤተሰብ ችግሩን ሊፈታ ይችላል። ቁም ነገሩ ይህን ከውል በኋላ ሳይሆን በዋጋ ድርድሩ ወቅት ማወቅ ነው።

«ሻጩ የላቦራቶሪ ውጤት አሳይቶናል»

ወረቀቱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው የሚመሰክረው በጠርሙሱ ውስጥ ስለደረሰው ውሃ ብቻ ነው። ናሙናውን ማን ቀዳው? ከማጣሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በቅርቡ ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን ተጨምሮ ነበር? ክሎሪን የተጨመረበት ጉድጓድ ለተወሰኑ ቀናት ከባክቴሪያ ነጻ ሆኖ ሊታይና የብክለቱ ምንጭ ካልተወገደ ተመልሶ ሊበከል ይችላል፤ ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው ክሎሪኑ ፈጽሞ ከወጣና ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆነው ውሃ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ይቀዳል፣ በቅዝቃዜ ይያዛል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ላቦራቶሪ ይደርሳል። ከቤቱ ቧንቧዎች የሚመጣን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ለመለካት ግን፣ በተቃራኒው፣ ለሰዓታት ሳይከፈት ከቆየው ቧንቧ የመጀመሪያው ውሃ ነው የሚፈለገው። «ከባክቴሪያ ነጻ» የሚል ውጤትም ስለ አርሰኒክ ወይም ስለ ናይትሬት አንዳች አይናገርም። እኔ የምመክረው ናሙናው በሽያጩ ጥቅም በሌለው ሰው፣ በገዢው ጥያቄና ወጪ እንዲወሰድ ነው።

«ችግር ቢኖር እንኳ ማፍላት ወይም ማጣራት ይበቃል»

ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል። ናይትሬትን፣ አርሰኒክንና ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይበልጥ ያከማቻቸዋል። በየቤቱ የሚታየው የከሰል ማጣሪያም ናይትሬትን አያወጣም። የትኛው ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከምርመራው በኋላ ነው።

«አንዴ ተመርምሮ ደህና ከተባለ አበቃ»

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 በካናዳ ኦንታሪዮ በዎከርተን ከተማ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ከእርሻ መሬት የታጠበ የከብት ፍግ ጥልቀት ወደሌለው የሕዝብ ውሃ ጉድጓድ ገባ። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አደገኛ ዝርያ በውሃው ውስጥ ተሰራጭቶ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 7 ሰዎችም ሞቱ። ያ ጉድጓድ የክሎሪን መጨመሪያና ኃላፊነት የተሰጣቸው ሠራተኞች ነበሩት፤ ምንም ዓይነት ጠባቂ የሌለው የግቢ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ዝናብ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። የባክቴሪያና የናይትሬት ምርመራ ቢያንስ በየዓመቱ መደረግ ይኖርበታል፤ ጎርፍ ጉድጓዱን ከነካው፣ ፓምፑ ወጥቶ ከተጠገነ፣ የውሃው መልክ ወይም ጣዕም ከተለወጠ፣ ወይም በቤቱ ሕፃን ሊወለድ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ እስኪሞላ አይጠበቅም።

«በእጅ የተቆፈረውን ሰፊ ጉድጓድ ሰው ገብቶ ካላየው ምርመራ አይባልም»

ይህን እባካችሁ ማንም አይሞክረው። በጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊጠፋ፣ መርዛማ ጋዝም ሊጠራቀም ይችላል፤ የገባው ሰው ጥቂት ትንፋሽ እንደወሰደ ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው የሚከተለውም ሰው ብዙ ጊዜ አብሮት ይሞታል። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓድ አውርዶ ማስነሳትም እንዲሁ ገዳይ ነው። የጉድጓዱን ውስጥ ማየት ካስፈለገ በገመድ የሚወርድ ካሜራ አለ።

«አሮጌው ጉድጓድ አገልግሎት ስለማይሰጥ አይመለከተንም»

ቤት የሚገዛ ሰው በግቢው ውስጥ የተተወ ሌላ ጉድጓድ መኖሩን መጠየቅ አለበት። አፉ በቆርቆሮ የተከደነ አሮጌ ጉድጓድ ለልጆችና ለእንስሳት የመውደቂያ አደጋ ነው፤ ከዚያም አልፎ የጎርፍ ውሃን ሳያጣራ አዲሱ ጉድጓድ ወደሚጠጣበት የከርሰ ምድር ውሃ የሚያወርድ ክፍት መንገድ ነው። ቆሻሻ መጣያ ማድረግም ሆነ በልቅ አፈርና በፍርስራሽ መሙላት መፍትሔ አይደለም። ፓምፑና ቧንቧው ወጥቶ፣ ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ወይም ቤንቶናይት በተባለው የሸክላ ዓይነት ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ በባለሙያ መደፈን አለበት፤ የተደፈነበት ቦታም በሪፖርቱ ላይ በካርታ ተመልክቶ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጣል።