የኮሌጅ በትለር ምንድን ነው?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ዮሴፍ እስር ቤት ውስጥ የሁለት ሰዎችን ሕልም ይፈታል። አንደኛው የእንጀራ አበዛዎች አለቃ ነው፤ ሌላው የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዞች የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሁለተኛውን ሰው «ዋናው በትለር» ይለዋል። ስለዚህ ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎሙልን አባቶች ቀድመውናል። በትለር በጥንተ ትርጉሙ ጠጅ አሳላፊ ነው። ቃሉ ከድሮ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ከጠርሙስ ጋር ይዛመዳል።

ዛሬ በትለር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በፊልም ያየነውን፣ ጥቁር ኮት ለብሶ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ በር የሚከፍተውን ሽበታም ሰው ነው። እዚህ የማነሳው ግን ደመወዙን ከትምህርት ተቋም የሚቀበለውን ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በኮሌጆች የተዋቀሩ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ካምብሪጅ 31፣ ኦክስፎርድም ከ30 በላይ ኮሌጆች አሏቸው። ኮሌጅ ሲሉ የትምህርት ክፍል ማለታቸው አይደለም። ተማሪው የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ መምህሩን በቅርብ የሚያገኝበት፣ የራሱ ንብረትና የራሱ ወጥ ቤት፣ ብዙውን ጊዜም የራሱ ጸሎት ቤት ያለው ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር «ሆል» የሚሉት የመመገቢያ አዳራሽ አለው። በአዳራሹ የሚያስተናግዱትን ሠራተኞች የሚመራው ሰው በትለር ይባላል። አንዳንዱ ኮሌጅ የድሮውን ስም ትቶ «የአዳራሽ ኃላፊ» ብሎታል፤ ሥራው ያው ነው።

ሥራውን ለመረዳት አስቀድሞ አዳራሹን ማየት ይጠቅማል። በካምብሪጅ ጥንታዊ የሆነው ፒተርሃውስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1284 ነው፤ ከእሱ ወዲህ የተሠሩት ባህላዊ አዳራሾች በአቀማመጣቸው እምብዛም አይለያዩም። ከላይኛው ጫፍ ከፍ ያለ መድረክ አለ። በመድረኩ ላይ የኮሌጁ አለቃና ፌሎው የሚባሉት መምህራን የሚቀመጡበት ገበታ በአግድም ተዘርግቷል፤ ሃይ ቴብል ይሉታል። ከሥር የተማሪዎቹ ረጃጅም ጠረጴዛዎች በቁመት ይወርዳሉ። በታችኛው ጫፍ የተቀረጸ የእንጨት ግርዶሽ ቆሞ አዳራሹን ወደ ወጥ ቤት ከሚወስደው መተላለፊያ ይለየዋል። ጥንት ከዚህ ግርዶሽ ጀርባ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ ፓንትሪና በተሪ። ፓንትሪ ዳቦ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በተሪ ደግሞ ከቅቤ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የመጠጥ በርሜል ማስቀመጫ ማለት ነው። እንጀራ ቤትና ጠጅ ቤት መሆናቸው ነው እንግዲህ። የእኛም ነገሥታት ግቢ በዚሁ ዓይነት እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ይከፈል ነበር። የጠጅ ቤቱ ሹም በእንግሊዝ ቀስ በቀስ የመላው አዳራሽ ሹም ሆነ። እኔ ግን የዛሬውን የኮሌጅ በትለር ለአገሬ ሰው በአንድ ቃል አስረዳ ብባል አጋፋሪ ማለቱን እመርጣለሁ፤ እንግዳውን እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጠው፣ ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚነሣ የሚያውቀው እሱ ነውና።

አሁን አንድ የዓርብ ምሽት በሐሳባችን እንዘርጋ። ዕለቱ «ፎርማል» የሚሉት፣ ጥቁር ካባ ተለብሶ የሚበላበት እራት ነው፤ በአዘቦት ቀን እንደሚደረገው ትሪ ይዞ መሰለፍ የለም። ጥሪው በእነሱ ሰባት ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃያ ሰው ከላይ፣ 160 ተማሪና እንግዳ ከታች ይቀመጣል። ምግቡ ሦስት ዙር ነው። ይህም ማለት 540 ሳህን ወጥቶ 540 ሳህን ይመለሳል ማለት ነው፤ ብርጭቆውን ሳንቆጥር። በዚያ ላይ በብዙ አዳራሽ የተማሪው መቀመጫ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ከግድግዳ ጋር ከተጠጋ አስተናጋጁ ከኋላ ሊደርስበት አይችልም። ሳህኑ ከጠረጴዛው ማዶ በእጅ ይቀባበላል፣ ወይም አስተናጋጁ በሁለት ትከሻ መካከል ክንዱን ያሾልካል። የሆቴል መስተንግዶ የተማረ ሰው እዚህ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው፤ ከግራ አቅርብ ከቀኝ አንሣ የሚለው ሕግ ግድግዳ ሲገጥመው ምን ይሆናል?

እንግዳው ከመግባቱ በፊት በትለሩ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያነጋግራል። ልምድ ያለው ከሆነ ቀደም ብሎ እራታቸውን አብልቷቸዋል፤ የተራበ አስተናጋጅ ሳህን እያየ ምራቁን ሲውጥ ዓይኑ ከእንግዳው ላይ ይነሣል። ከዚያ የመቀመጫው ዝርዝር ይወጣል። ማን ሥጋ አይበላም፣ ማን ለኦቾሎኒ ሰውነቱ ይቆጣል፣ ማን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን አይነካም የሚለው ከመቀመጫው ጋር ተጽፏል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ የሚያቀርብ ሁሉ 14 የአለርጂ መንስኤዎችን ለተመጋቢው የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ከዝርዝሩ ውስጥ ሰሊጥና ሰናፍጭ አሉ፤ ግብጦም አለ። (በአረቄ ቤት ግብጦ እየቆረጠመ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ያስገርማል።) ችግሩ ተማሪ በተመደበለት ቦታ አይቀመጥም። ከጓደኛው ጋር ቦታ ይለዋወጣል፣ ኦቾሎኒ የማይነካው ልጅ ሦስት ወንበር ወደ ታች ይወርዳል፣ ወረቀቱ ግን አልወረደም። ጠንቃቃ በትለር እንዲህ ያለውን ሳህን በወረቀቱ ብቻ አያስቀምጥም፤ ሰውየውን በስሙ ጠይቆ ያረጋግጣል።

ሰዓቱ ሲደርስ ጎንግ የሚሉት ክብ የብረት ደወል ይመታል፤ በኦክስፎርዱ ኩዊንስ ኮሌጅ እንዲያውም ለእራት የሚጠራው በመለከት ነው። ተማሪው ተነሥቶ ይቆማል፣ መምህራኑ ይገባሉ፣ የላቲን ጸሎት ይደርሳል። ጸሎቱ በአንዳንዱ ቤት ረጅም ነው፣ በአንዳንዱ «ቤኔዲክቱስ ቤኔዲካት» ከሚሉ ሁለት ቃላት አያልፍም። በትለሩ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በረጅሙ ጸሎት መካከል በር ከፍቶ ሾርባ ይዞ የሚገባ አስተናጋጅ ለሳምንታት መሳቂያ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የበትለሩ ሥራ ሰዓት መግዛት ነው። በግርዶሹ አጠገብ፣ ላይኛውን ገበታ ማየት በሚችልበት ቦታ ይቆማል። ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ አስተናጋጆቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ መጀመሪያ የሚቀርብለት በገበታው ራስ ላይ ያለው ሰው ነው። ሳህን የሚነሣው ደግሞ የመጨረሻው ሰው ሹካውን ሲያስቀምጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ፕሮፌሰር አለ። ሹካውን አየር ላይ አንጠልጥሎ የሠላሳ ዓመት ታሪክ ይተርካል፤ አጠገቡ ያለው እንግዳ በአክብሮት ይሰማል። ወጥ ቤት ውስጥ 180 የዓሣ ቁራጭ እየደረቀ ነው፣ ምግብ አብሳዩ በበሩ ስንጥቅ እያጮለቀ ነው። በትለሩ ፕሮፌሰሩን ቶሎ ይብሉ ሊል አይችልም። ወይን እንዲጨመር ያደርጋል፣ ውኃ ያዞራል፣ አንድ አስተናጋጅ በፕሮፌሰሩ የዓይን መስመር ላይ ባዶ እጁን እንዲቆም ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ይሠራል።

ለእኔ የዚህ ሹመት ግርምት ያለው እዚሁ ላይ ነው። በኮሌጁ መዋቅር ከበትለሩ በላይ የምግብ አገልግሎት ኃላፊ አለ፣ ከእሱም በላይ ዶሜስቲክ በርሳር የሚሉት የቤቱን አስተዳደር የሚመራ ሹም አለ። በአንዳንድ ኮሌጅ ደግሞ ከፌሎዎቹ አንዱ ስቲዋርድ ተብሎ የምግቡንና የወይኑን ነገር ይከታተላል። በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው መምህር ሁሉ በማዕረግ ይበልጠዋል። ቢሆንም ጎንጉ እስኪመታ ማንም አይገባም፣ እሱ ራሱን እስኪነቀንቅ ማንም አይጎርስም።

አስተናጋጆቹ እነማን ናቸው? በቋሚነት የተቀጠሩት ጥቂት ናቸው። ቀሪዎቹ ሲፈለጉ የሚጠሩ፣ በሰዓት የሚከፈላቸው ናቸው፤ ከከተማው ወጣቶች፣ ከስደተኞች፣ ከራሳቸው ከተማሪዎቹም መካከል። ምክንያቱ የትምህርቱ አቆጣጠር ነው። የኦክስፎርድ ተርም፣ ማለትም የትምህርት ወቅት፣ ስምንት ሳምንት ነው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ። በ24ቱ ሳምንት አዳራሹ ይጨናነቃል፤ በቀሪው 28 ሳምንት ኮሌጆቹ ለስብሰባ፣ ለሠርግ፣ ለክረምት ትምህርት ቤት እያከራዩ ገቢ ያገኛሉ። የሰው ኃይሉ በየሳምንቱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። (በካምብሪጅ ትልቁ ድግስ የሚበዛበት የግንቦት ሳምንት የሚባለው ጊዜ የሚውለው በእነሱ ሰኔ ወር ነው። አሥራ ሦስት ወር ስላለን የሚገረሙብን ይህንን ያስረዱን።) ፈረቃ የሚያወጣ በትለር የፈተናውን ወቅት ካላሰበበት ተማሪ አስተናጋጆቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጠፉበታል፤ ያኔ ነገሩ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

አዲሱን ሠራተኛ ሦስት ሳህን በአንድ እጅ ማስያዝ በባዶ ሳህን ከተለማመደ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አውራ ጣት ከሳህኑ ጠርዝ እንዳያልፍ፣ ሁለተኛው ሳህን በመዳፍና በክንድ ላይ እንዲያርፍ ማሳየት ብቻ ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። ጠዋት አብሮት የተማረውን ልጅ ማታ «ልነሣልዎ?» እያለ የሚያስተናግድ ተማሪ አለ። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ከጓደኞቹ ጋር ወሬ ይዞ ገበታውን ይረሳል። ብልህ በትለር እንዲህ ያለውን ልጅ በመጀመሪያው ወር ወደ ላይኛው ገበታ ይመድበዋል፤ እዚያ ጓደኛ የለውም። ክፍያውም ቢሆን በሰዓቱ ሒሳብ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀጣሪ ጉርሻን ለሠራተኛው በሙሉ እንዲያደርስ በብሪታንያ ሕግ ወጥቷል፤ በኮሌጅ እራት ላይ ግን ጉርሻ መተው የተለመደ ስላልሆነ ሕጉ ለእነዚህ ልጆች እምብዛም አልደረሰላቸውም። ስለ ሻማውና ስለ ካባው ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ዘለው ያልፉታል።

እራቱ ሲያልቅ መምህራኑ ወደ ራሳቸው ክፍል ገብተው ፍራፍሬና ፖርት የሚባለውን ጣፋጭ ወይን ይቀምሳሉ። ጠርሙሱ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። በኦክስፎርዱ ኒው ኮሌጅ መቀመጫው በምድጃው ዙሪያ ግማሽ ክብ ስለሚሠራ፣ ጠርሙሱን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የምታሻግር ትንሽ የሐዲድ መሣሪያ አለች።

በታችኛው አዳራሽ ግን ቆጠራ ተጀምሯል። የብር ዕቃ በእነዚህ ቤቶች የቆየ ቁስል አለው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1643፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የኦክስፎርድ ኮሌጆችን ብር ሰብስቦ ለወታደር ደመወዝ ገንዘብ አስመታበት፤ ኮርፐስ ክሪስቲ የተባለው ኮሌጅ የጥንቱን ዕቃውን በማትረፉ እስከ ዛሬ ይታወቃል። የዛሬው ሌባ ግን ንጉሥ አይደለም፤ የቆሻሻ ከረጢት ነው። የሻይ ማንኪያ በተጨማደደ ሶፍት ውስጥ ተጠቅልሎ ከተረፈ ምግብ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ሒሳቡ አንድ ማንኪያ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በትለሩ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ጓንት ያጠልቃል፣ ከረጢቱንም ወለሉ ላይ ይገለብጠዋል።