የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያገላብጠው የደረጃ ሰንጠረዥን ነው። ሰንጠረዡ ከንቱ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ላልተሰናዳበት ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ሲጠበቅ ነው።

«ከፍ ያለ ደረጃ ያገኘ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ያስተምራል»

ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ በቻይና የሚወጣውን የሻንጋይ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሰንጠረዥ እንውሰድ። ከነጥቡ 30 በመቶው የሚሰጠው የኖቤል ሽልማት ወይም የፊልድስ ሜዳሊያ (የሒሳብ ታላቅ ሽልማት) ላገኙ ምሩቃንና ባልደረቦች ነው፤ 20 በመቶው ጥናታቸው በብዛት ለሚጠቀስላቸው ምሁራን፣ 20 በመቶው «ኔቸር» እና «ሳይንስ» በተባሉት መጽሔቶች ለታተሙ ጽሑፎች፣ ሌላው 20 በመቶ ደግሞ ለጠቅላላ የምርምር ጽሑፎች ብዛት ይውላል። የቀረው 10 በመቶም ቢሆን እነዚሁ ነጥቦች ለመምህራን ቁጥር ተካፍለው የሚገኝ ነው። መምህሩ ክፍል ገብቶ እንዴት እንደሚያስረዳ፣ ያልገባው ተማሪ ቢሮው ድረስ ሄዶ ሊያገኘው ይችል እንደሆነ የሚመዝን አንድም መስፈርት በውስጡ የለም። ደረጃውን ከፍ ያደረገው ተሸላሚ ፕሮፌሰር ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ጨርሶ ላያስተምር ይችላል። «ኪውኤስ» የተባለው ሰንጠረዥ የመምህርና የተማሪ ጥምርታን ይመለከታል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 እትሙ ለዚህ የሰጠው 10 በመቶ ሲሆን፣ በምሁራን ዘንድ ላለው ዝና ግን 30 በመቶ ሰጥቷል። ዝና ደግሞ ከትናንት የተወረሰ ሊሆን ይችላል።

«40ኛው ከ60ኛው በግልጽ ይበልጣል»

ሊበልጥ ይችላል፤ ሰንጠረዡ ግን ይህን ለማረጋገጥ አቅም የለውም። መሀል ላይ ያሉ ተቋማት ነጥባቸው ስለሚቀራረብ ትንሽ የመስፈርት ለውጥ ብዙ ደረጃ ሊያወጣቸው ወይም ሊያወርዳቸው ይችላል። የሻንጋዩ አዘጋጆች ራሳቸው ከ100ኛ በኋላ ላሉት የየብቻ ቁጥር አይሰጡም፤ «101–150» እያሉ በጅምላ ያስቀምጧቸዋል።

«ቁጥር አይዋሽም»

የአንዳንድ ሰንጠረዦች መረጃ በከፊል የሚመጣው ከራሳቸው ከተመዛኞቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆኑት ማይክል ታዴየስ የገዛ ተቋማቸው ያቀረበውን መረጃ መርምረው ጥያቄ አነሡ። ዩኒቨርሲቲው ከ20 ያነሱ ተማሪዎች ያሏቸው ክፍሎች ከ82 በመቶ በላይ እንደሆኑ ገልጾ ነበር፤ ተስተካክሎ የወጣው ቁጥር ግን 57 በመቶ ገደማ ሆነ። በአሜሪካው «ዩኤስ ኒውስ» ሰንጠረዥም ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በዚያ ዓመት በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው።

«ደረጃው ከፍ ሲል የምሩቁም ደመወዝ ከፍ ይላል»

ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን በአማካይ ጥሩ ይከፈላቸዋል፤ ነገር ግን እነዚህ ተቋማት የሚቀበሉት ቀድሞውኑ ጎበዝ የሆኑትን ስለሆነ ውጤቱ የተማሪው ይሁን የተቋሙ መለየት ያስቸግራል። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ ምላሽ ያገኙ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሲያነጻጽሩ፣ መግቢያው ጠባብ ወደሆነው ኮሌጅ የሄዱት ከሌሎቹ እምብዛም የሚበልጥ ገቢ አላገኙም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ግን ተጠቅመዋል። ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ወላጆቹ ትውውቅ ላላወረሱት ልጅ ዩኒቨርሲቲው የሚያገናኘው ሰው ትልቅ ሀብት ነውና።

«እንግዲያውስ ደረጃ ምንም ዋጋ የለውም»

ይህም ሌላኛው ጽንፍ ነው። ዶክትሬት ለመሥራት ላሰበ ሰው የምርምር ብርታት ዋና ጉዳይ ስለሆነ፣ በተለይ በትምህርት ዘርፍ የተከፋፈሉት ሰንጠረዦች ይጠቅሙታል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረችው አንድ የሥራ ቪዛ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሚሰጠው ተቋማቸው በታወቁት ሰንጠረዦች ላይ ባለው ስፍራ መሠረት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካች ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሰንጠረዡ እጩዎችን ከመጠቆም አልፎ ወሳኝ መሆን የለበትም። የሚፈልገው የትምህርት ክፍል ምን ምን ኮርሶች እንደሚሰጥ፣ ከገቡት ስንቶቹ በጊዜው እንደሚመረቁ፣ ነፃ የትምህርት ዕድሉ ተቀንሶ ከኪሱ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ተቋሙን በቀጥታ መጠየቅ ይኖርበታል። በሕክምና፣ በሕግና የሥራ ፈቃድ በሚጠይቁ ሌሎች ሙያዎች ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ፕሮግራሙ ሊሠራበት ባሰበው አገር ዕውቅና ያለው መሆኑ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው አካል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።