ጣና ላይ የታየ ሁሉ መንገድ የሳተ የባሕር ወፍ አይደለም

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። እኛ ጎጃም ውስጥ ጣናን "ባሕር" እንለዋለን፣ ከተማዋም ባሕር ዳር ናት። እናም ነጭ ወፍ ውሃው ላይ ሲያንዣብብ "የባሕር ወፍ ጠፍቶ መጣ" ይባላል። እውነተኛው ባሕር ግን ሩቅ ነው። ቀይ ባሕር ከባሕር ዳር በቀጥታ ቢለካ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል።

"ሲጋል ጣና ላይ ከታየ ማዕበል ነው ያመጣው።"
አይደለም፣ ሲጋል የሚባለው ይህ የውሃ ወፍ በየዓመቱ ይመጣል። ጥቁር ጀርባ ያለው ሲጋል እንደ ፊንላንድ ባሉ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ይፈለፈላል፤ የዚያን አገር ብርድ ሸሽቶ የእኛን በጋ እዚህ ያሳልፋል። አንድ ኅዳር ጠዋት አሣ በሚጸዳበት ዳርቻ ቆሜ በቅርብ አየሁት። የአምባዛ አንጀት ይጎትት ነበር። ጀርባው ከሰል ይመስላል፣ እግሩ ቢጫ ነው፣ የታችኛው መንቁሩ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለችው። በጣም ነው ደስ ያለኝ። አገሩን የሚያውቅ እንግዳ ነው እንጂ የጠፋ አይደለም።

"ጨዋማ ውሃ ካላገኘ ይሞታል።"
ሲጋል ከዓይኑ በላይ ጨው የሚያጣራ ዕጢ አለው። የባሕር ውሃ ሲጠጣ ትርፉ ጨው በአፍንጫው ወጥቶ ከመንቁሩ ጫፍ ይንጠባጠባል። የጣናን ውሃ ሲጠጣ ግን ዕጢው ብዙም ሥራ የለውም። ጨው መቻል ሌላ፣ ጨው መፈለግ ሌላ።

"ፔሊካንም ከባሕር የመጣ ነው።"
ነጩ ፔሊካን የሐይቅ ወፍ ነው። ሻላ ሐይቅ ላይም ጫጩት ሲፈለፍል ታይቷል።

"እንግዳ ወፍ ከታየ መጥፎ ገድ ነው።"
ይሄኛው ያሳዝነኛል፣ ወፉን በድንጋይ ያስመታልና። ለመራባት ካልሆነ የብስ የማይረግጡ የውቅያኖስ ወፎች አሉ። አንዳንዴ ኃይለኛ ነፋስ እነዚህን ወደ መሀል አገር ይነዳቸዋል። ግንቦት 2010 ዓ.ም ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ሰሜን ሶማሊያን ሲመታ ዝናቡ እስከ እኛው ሶማሌ ክልል ዘልቋል። እንዲህ ያለ ነፋስ የጣለው ወፍ የደከመ ፍጥረት እንጂ መልእክተኛ አይደለም።

"መሬት ላይ ተቀምጦ መነሣት ካቃተው ወደ ላይ ወርውረው፣ ይበራል።"
እባካችሁ እንዳትወረውሩት! የብዙዎቹ የውቅያኖስ ወፎች እግር ወደ ኋላ ያለ፣ ለመቅዘፍ የተሠራ ነው። ሜዳ ላይ በደንብ መቆም እንኳ ይቸግራቸዋል፤ ከተወረወሩ ወድቀው ይሰበራሉ። በባዶ እጅ አትንኩት፣ የወፍ በሽታ ሊኖር ይችላል። ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለምና ጸጥ ያለ ቦታ አኑሩት። ውሃ በግድ አታጠጡት። ጀርባውን፣ መንቁሩንና እግሩን ፎቶ አንሡ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ አታውልቁት፤ ቁጥሩን ብቻ አጥርታችሁ ፎቶ አንሡት። ተመራማሪዎች ቀለበቱን የት አገር እንዳሰሩለት የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።